ብሮኮሊና ሰናፍጭ፦ ለሰመር ግብዣ የሚሆን ጤናማ ሰላጣ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ሳህን ሰላጣ ነው። «ሰላጣ ደግሞ ለአንድ ሙሉ ዝግጅት ምን አለው?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሱኝ፤ ብዙ የሚነገርለት ነገር አለ።

እንግዲህ ሰመር ገብቷል። በአሜሪካ በየፓርኩ ከሰል እየተቀጣጠለ ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በዳላስም ሆነ በሲያትል፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይጠራራል። ልደቱም ምርቃቱም ፓርክ ውስጥ ይሆናል። በጁላይ መጀመሪያ ደግሞ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ስላለ ከየስቴቱ የመጣ እንግዳ ቤቱን ይሞላዋል። ሥጋው አንድ ጥግ ላይ ይጠበሳል፤ ጠረጴዛው ላይ እንጀራውና ወጡ ከአሜሪካኖቹ ሰላጣዎች ጋር ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ከእነዚያ ሰላጣዎች አንዱ የብሮኮሊ ሰላጣ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ያ ሰላጣ ጤናማ ነው ትላላችሁ? አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ «ሥጋውን በዛ አድርጌ ብበላም ሰላጣ ወስጃለሁ» ብሎ መጽናናት ይቻላል ወይ?

የኔ መልስ ይህ ነው። ብሮኮሊው ጤናማ ነው፤ ሰላጣው ግን ጤናማ የሚሆነው በሠሪው እጅ ነው። እንዴት እንደተቆረጠ፣ ምን ያህል እሳት እንዳየ፣ በምን እንደተለወሰ፣ ሙቀት ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ጥቅሙን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ከዚህም አልፌ አንድ ነገር እላለሁ፦ ለዚህ ሰላጣ ከሁሉ የሚስማማው ማባያ ከማዮኔዝ ጠርሙስ ሳይሆን ከእናቶቻችን ጓዳ የሚወጣው ሰናፍጭ ነው። ይህን የምለው በናፍቆት አይደለም፤ ምክንያቱን በጥናት አስደግፌ አቀርባለሁ።

(አጭር የሙዚቃ ፋታ)

መጀመሪያ የተለመደውን አሠራር እንመልከት። በአሜሪካ በብዛት የሚሠራው የብሮኮሊ ሰላጣ ጥሬ ብሮኮሊ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ዘቢብ፣ የሱፍ አበባ ፍሬ፣ ቺዝና ተጠብሶ የተፈረፈረ ቤከን አለበት። ይህ ሁሉ የሚለወሰው በአንድ ኩባያ ማዮኔዝ፣ በጥቂት ኮምጣጤና በስኳር ነው። ስኳሩ በብዙ ቤት እስከ ግማሽ ኩባያ ይደርሳል። ግማሽ ኩባያ ስኳር ማለት ምን ማለት ነው? ሁለት ተኩል ጣሳ ኮካ ኮላ ውስጥ ያለውን ስኳር ብሮኮሊው ላይ እንደ መገልበጥ ነው። ማዮኔዙም ቢሆን አብዛኛው ዘይት ነው፤ በአሜሪካ ደንብ መሠረት አንድ ምርት ማዮኔዝ ለመባል ቢያንስ 65 በመቶ የአትክልት ዘይት ሊኖረው ይገባል። ቤከኑ ደግሞ በጨውና በኬሚካል የተዘጋጀ ሥጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንዲህ ያለውን ሥጋ በ2015 የአንጀት ካንሰር ያመጣሉ ከሚባሉት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የተሸከመ ሳህን በአንድ አረንጓዴ አትክልት ስም ጤናማ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው።

«በዓመት አንድ ቀን ብበላው ምን ያደርገኛል?» የሚል አድማጭ ይኖራል፤ ልክ ነው። አንድ ቀን የተበላ ሰላጣ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ሰመር አንድ ቀን አይደለም። ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ግብዣው ይደጋገማል፤ በየግብዣውም ስኳርና የደም ግፊት ያለባቸው አባቶችና እናቶች ተቀምጠዋል። «ይህ እንኳ አይጎዳኝም» ብለው ወደ ሰላጣው እጃቸውን የሚሰዱት ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። ስለዚህ በእነሱ ሳህን ላይ የሚወጣው ነገር ስሙን የሚመጥን መሆን አለበት።

(ፋታ)

አሁን ወደ ብሮኮሊው እንምጣ። ብሮኮሊ ወደ አሜሪካ ገበያ የገባው በስደተኞች እጅ ነው። ከሲሲሊ የመጡት የዳሪጎ ወንድማማቾች በ1920ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ እያለሙ ወደ ቦስተን ይልኩት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎችም ጣዕሙን ከአገራቸው የሚያውቁ ጣልያኖች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ ቢስፋፋም ሁሉም አልወደደውም። በ1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ ብሮኮሊ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደማይወዱና ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ደግሞ የሚያስገድዳቸው እንደሌለ በይፋ ተናገሩ። የካሊፎርኒያ ገበሬዎችም በምላሹ በርካታ ቶን ብሮኮሊ ጭነው ወደ ዋሽንግተን ላኩ።

ከዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማትርቀው በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ፖል ታላላይና ባልደረቦቻቸው ከብሮኮሊ ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ስሙ ሰልፎራፌን ይባላል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ደጋግመን እናነሳዋለን። ሰልፎራፌን በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ መርዛማ ነገሮችን አክሽፈው የሚያስወግዱ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲመረቱ ያነሳሳል። እዚህ ላይ ቪታሚኑን ስትጨምሩበት የብሮኮሊ ጥቅም ይገባችኋል፦ አንድ መቶ ግራም ጥሬ ብሮኮሊ ለአንድ አዋቂ የቀኑን ቫይታሚን ሲ ያህል ይይዛል፤ ፋይበርም አለው፤ ኃይል ሰጪነቱ ግን አነስተኛ ስለሆነ አያወፍርም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ችግሩ ሰልፎራፌን በብሮኮሊው ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠ ነገር አለመሆኑ ነው። ያልተነካ ብሮኮሊ ውስጥ ያለው መነሻው፣ ግሉኮራፋኒን የሚባለው፣ ነው። ይህን መነሻ ወደ ሰልፎራፌን የሚለውጠው ማይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሁለቱ በተክሉ ውስጥ በየፊናቸው ተለያይተው ነው የተቀመጡት፤ ክብሪቱና መጫሪያው በየጎናቸው እስካሉ ድረስ እሳት እንደሌለ ሁሉ፣ እነሱም ካልተገናኙ ሰልፎራፌን የለም። የሚገናኙት ተክሉ ሲቆረጥ፣ ሲታኘክ ወይም ሲፈጭ ነው። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለኛ ብሎ አይደለም፤ ቅጠሉን የሚበላ ነፍሳት ሲነክሰው የሚያቃጥል ነገር እንዲያገኘው ነው። እኛ የምንጠቀመው በዚህ የተክሉ መከላከያ ነው።

እስቲ ይህን ነጥብ በድጋሚ ልበለው፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። ሰልፎራፌን የሚሠራው ስትቆርጡት ነው። ከቆረጣችሁት በኋላም ጊዜ ይፈልጋል።

(አጭር የሙዚቃ ፋታ)

ከዚህ ቀጥሎ የእሳቱ ነገር ይመጣል። ማይሮሲኔዝ ሙቀት አይችልም። ብሮኮሊውን ሳትቆርጡ ድስት ውስጥ ከታችሁ እስኪለሰልስ ብትቀቅሉት ኢንዛይሙ ይሞታል፤ መነሻው ሳይለወጥ ይቀራል፤ ቫይታሚን ሲውም ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይደፋል። በእርግጥ አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከመነሻው ጥቂቱን ይለውጡታል፤ ግን ኢንዛይሙ ራሱ ቢኖር ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። በፍሪዘር የሚሸጠው ብሮኮሊም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ከመቀዝቀዙ በፊት በፋብሪካ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት ስለሚያልፍ፣ ቤታችን ሲደርስ ኢንዛይሙ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው መታገስ ነው። በ2018 የታተመ የቻይና ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ብሮኮሊ በደቃቁ ተከትፎ ለአንድ ሰዓት ተኩል ከተቀመጠ በኋላ ሲጠበስ፣ እንደተከተፈ ወዲያው ከተጠበሰው ይልቅ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሰልፎራፌን ተገኝቶበታል። ሰልፎራፌኑ ከእሳቱ በፊት ተሠርቶ ስላለቀ ኢንዛይሙ ቢሞትም ጉዳቱ ያንሳል። ለቤታችን ወጥ ቤት ይህ ማለት ብሮኮሊውን ማልዳችሁ ክተፉት፣ ከዚያ ሌላ ሥራችሁን ሥሩ ማለት ነው። አርባ ደቂቃ እንኳ ብትሰጡት መልካም ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ሰናፍጭ ነው። አሁን ልብ ብላችሁ አድምጡኝ። ሰናፍጭ አፍንጫችንን የሚወጋው ለምንድን ነው? ፍሬው ሳይፈጭ አይወጋም፤ ተፈጭቶም በቀዝቃዛ ውሃ እስኪለወስ ድረስ ኃይሉ አይታወቅም። ምክንያቱም በሰናፍጭ ውስጥም ያው ማይሮሲኔዝ አለ። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ኢንዛይሙ ሥራውን ይጀምራል፤ ያ እንባ የሚያመጣው ሽታ የሥራው ውጤት ነው። ሴቶቻችን ሰናፍጭ በፈላ ውሃ እንደማይለወስ፣ ከተለወሰም ኃይሉን እንደሚያጣና መራራ ብቻ እንደሚሆን የሚያውቁት ከጥንት ነው። ያወቁት በልምድ ነው፤ ሳይንሱ ደግሞ ምክንያቱን ነገረን።

በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ይዘው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ኢንዛይሙ የሞተበት የተቀቀለ ብሮኮሊ ላይ የሰናፍጭ ዱቄት ቢነሰነስበት ምን ይሆናል? በ2013 በቤተ ሙከራ ሞከሩት፤ ሰልፎራፌኑ ተመለሰ። በ2018 ደግሞ 12 ጤነኛ ሰዎችን አበሉ። ሁለት መቶ ግራም የተቀቀለ ብሮኮሊ በአንድ ግራም የሰናፍጭ ዱቄት የበሉት ሰዎች፣ ያለ ሰናፍጭ ከበሉበት ጊዜ ይልቅ ሰውነታቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሰልፎራፌን አገኘ። አንድ ግራም ብቻ! የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሆኖም ውጤቱ ስለ ኢንዛይሙ ከምናውቀው ሁሉ ጋር ስለሚስማማ አምነዋለሁ።

(ፋታ)

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። «ብሮኮሊ የፈረንጅ ነው፤ ሰናፍጭ የኛ ነው፤ ሁለቱን ማቀላቀል ያስኬዳል ወይ?» ለዚህ የሚመልሰው ተክሉ ራሱ ነው። ብሮኮሊ፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ገበሬ በዘመናት መርጦ ያለያያቸው ወንድማማቾች ናቸው። በ1935 ደግሞ ዉ ጃንግቹን የተባለ፣ በጃፓን ይሠራ የነበረ ሳይንቲስት የጎመን ዘሮችን ዝምድና አስቀመጠ። በሱ ግኝት መሠረት የኛ የሐበሻ ጎመን፣ ጎመን ዘር የምንለው፣ ከሁለት ወላጆች የተገኘ ነው፦ አንዱ ጥቁር ሰናፍጭ፣ ሌላው ብሮኮሊና ጥቅል ጎመን የሚገኙበት ዝርያ። የክሮሞዞማቸው ቁጥር እንኳ ይደመራል፤ ከአንዱ ስምንት፣ ከሌላው ዘጠኝ፣ ልጁ አሥራ ሰባት። ስለዚህ ብሮኮሊንና ሰናፍጭን አንድ ሳህን ላይ ስታገናኙ እንግዳ ነገር አልሠራችሁም። ዘወትር በእንጀራ የምንበላው ጎመን ከእነዚህ ሁለት ወገኖች የተወለደ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «ሰልፎራፌን ካንሰር ይከላከላል እያላችሁ ነው?» አይደለም፤ እንዲህ አልልም። በቻይና ቺዶንግ በሚባል አካባቢ፣ አየሩ በተበከለበት፣ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ለአሥራ ሁለት ሳምንት ከብሮኮሊ ቡቃያ የተዘጋጀ መጠጥ፣ ሌላው ደግሞ ብሮኮሊ የሌለበት መጠጥ ጠጡ። በ2014 እንደታተመው፣ የብሮኮሊውን መጠጥ የጠጡት ሰዎች ቤንዝን የተባለውን የአየር መርዝ በሽንታቸው የሚያስወግዱት መጠን 61 በመቶ ጨመረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። የተጠጣው ቡቃያ ነበር፤ ቡቃያው ደግሞ ከጎለመሰው ብሮኮሊ ይልቅ እጅግ የበዛ መነሻ አለው። መርዝ በሽንት ወጣ ማለትም በሽታ ተከለከለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ብሮኮሊ መድኃኒት ነው የሚል ሰው ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን አስተማማኝ ነው፦ ጥሩ ምግብ ነው፤ በትክክል ከተዘጋጀ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ይሆናል፤ ማዘጋጀቱም ምንም ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።

«ማዮኔዝ ከሌለው ማን ይበላዋል?» የሚለውን ደግሞ አልንቀውም። ብሮኮሊ ይመራል፤ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ምሬቱ ይበልጥ ይሰማዋል፤ ልጆች ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ መራራ ነገር ይከብዳቸዋል። ቅባት፣ ጨውና ጥቂት ጣፋጭ ይህን ምሬት ያለዝባሉ፤ ማዮኔዙና ስኳሩም የገቡት ለዚህ ነው። ቅባትን ጨርሶ ማስወገድ ደግሞ ስህተት ነው። በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቅባት በሌለው ማባያ ሰላጣ የበሉ ሰዎች በአትክልቱ ውስጥ ካሉት ካሮቲኖይዶች ሰውነታቸው ያገኘው እዚህ ግባ የማይባል ነበር። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ወደ ደም የሚገቡት በቅባት ነው። እንግዲህ ክርክሬ ከዘይት ጋር አይደለም። አንድ ኩባያ ማዮኔዝ የሚሠራውን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ ዘይት ይሠራዋል፤ ግማሽ ኩባያ ስኳር የሚሠራውን አንድ እፍኝ ዘቢብና የተፈቀፈቀ ካሮት ይሠራዋል።

ደግሞም ጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንዳለ እናስብ። ቤከን ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም አይሆንም። ማዮኔዝ እንቁላል አለበት፤ ቺዙ ወተት ነው፤ ጿሚ አይነካቸውም። የአሜሪካ የነጻነት በዓል ጁላይ 4 ሁልጊዜ በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ይውላል፤ ጾሙ የሚያበቃው ሐምሌ 5፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ነውና። ኦገስት 7 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ሰመሩን ሙሉ በየግብዣው ዳቦና ኮካ ይዘው ጥግ የሚቀመጡ ጿሚዎች አሉን። በሰናፍጭ፣ በሎሚና በዘይት የተሠራ ሰላጣ ጿሚውም፣ ፍስክ የሚበላውም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አንድ ላይ የሚያነሱት ነው። ለኔ ይህ ከቫይታሚኑ አያንስም።

(የሙዚቃ ፋታ)

እንሥራው እንግዲህ። እስክሪብቶ የያዛችሁ ጻፉ፤ ያልያዛችሁም አትጨነቁ፤ ዋናውን እደግመዋለሁ።

ለአሥር ሰው ያህል አንድ ኪሎ ብሮኮሊ ይበቃል። አበባው ጥቅጥቅ ያለና አረንጓዴው የጠለቀ ይሁን፤ ወደ ቢጫ ያደላውን ተዉት። በሚወርድ ውሃ በደንብ እጠቡት። አበባውን በአንድ ጉርሻ ልክ፣ ከዚያም አነስ አድርጋችሁ ክተፉ። ግንዱን አትጣሉት! ውጪውን ጠንካራ ልጣጭ ላጡና ውስጡን በስሱ ክተፉት፤ ከአበባው ይልቅ ጣፋጭ ነው። የተከተፈውን ሁሉ መክተፊያው ላይ ወይም ሳህን ላይ አርባ ደቂቃ ተዉት። ታስታውሳላችሁ? ስትቆርጡት ሥራው ይጀምራል፤ ጊዜም ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ጥሬውን የምትወዱ እንዳለ ተጠቀሙበት። ጥሬው የሚከብዳችሁ፣ ሆዳችሁን የሚነፋችሁ፣ ወይም ልጆች የሚበሉት ከሆነ፣ ከሚፈላ ውሃ በላይ በወንፊት አድርጋችሁ በእንፋሎት አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ አቆዩት። ቀለሙ ደምቆ ብሩህ አረንጓዴ ሲሆን አውጡ፤ ቶሎ እንዲበርድ በሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉት። ውሃ ውስጥ አትቀቅሉት። ውሃው ጨርሶ ይንጠፍ፤ ውሃ የያዘ ብሮኮሊ ማባያውን ያቀጥነዋል፤ ሰላጣውም ይፈዛል።

አሁን ሰናፍጩ። በሐበሻ ሱቅ የሚሸጠውን ያልተቆላ ሰናፍጭ ፈጭታችሁ፣ ወይም ዱቄቱን ገዝታችሁ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሞላ አድርጋችሁ በበረደው ብሮኮሊ ላይ ነስንሱ። ተራ በተራ ልድገመው፦ ብሮኮሊው ይብረድ፤ ሰናፍጩ የተቆላ አይሁን፤ ሎሚው ገና አይግባ። ሎሚው ለምን ይቆያል? ኮምጣጣ ነገር የኢንዛይሙን ሥራ ስለሚያዘገይ ነው። አሹት፣ አሥር ደቂቃ ስጡት። ከዚያ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ አንድ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምሩ። በስሱ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ አንድ እፍኝ ዘቢብ፣ አንድ እፍኝ ቆላ የተደረገ የሱፍ አበባ ፍሬ አክሉበት። ቃሪያ የሚወድ ቃሪያ ያክል። የሱፍ አበባውን ፍሬ መጨረሻ ላይ፣ ሊቀርብ ሲል፣ ጨምሩት፤ ቀድሞ ከገባ ይለሰልሳል። የፍሪዘር ብሮኮሊ ብቻ ካላችሁም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ እንዲያውም ሰናፍጩ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለሱ ነው።

ጨውን በተመለከተ አዮዲን ያለበትን ተጠቀሙ። የእንቅርት ጥያቄ እዚህ ይነሳልና። በጎመን ዘሮች ውስጥ ታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይጠቀም የሚያውኩ ነገሮች አሉ፤ ይህ እውነት ነው። ግን በቂ አዮዲን የሚያገኝ ሰው በተለመደው የምግብ መጠን ብሮኮሊ ቢበላ አይጎዳም። በአሜሪካ ሱቆች የሚሸጡ ብዙ የባሕርና የድንጋይ ጨዎች አዮዲን ስለሌላቸው ማሸጊያውን አንብቡ። የደም ማቅጠኛ፣ ማለትም ዋርፋሪን ወይም ኩማዲን፣ የምትወስዱ ደግሞ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። ብሮኮሊ ቫይታሚን ኬ አለው፤ አንድ ሳምንት ብዙ፣ ሌላ ሳምንት ምንም ከሆነ መድኃኒቱን ያዛባል። ለእናንተ ዋናው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አለመዋዠቁ ነው።

(ፋታ)

የቀረን የፓርኩ ሙቀት ነው። ብዙ ሰው «ማዮኔዝ ነው የሚበላሸው፤ የኛ ሰላጣ ማዮኔዝ ስለሌለው ፀሐይ ላይ ቢውል ግድ የለም» ይላል። ይህ አደገኛ ስህተት ነው። የፋብሪካ ማዮኔዝ ኮምጣጣ ነው፤ እንቁላሉም በሙቀት የታከመ ነው፤ ብቻውን ቶሎ የሚበላሽ ነገር አይደለም። ባክቴሪያ የሚራባው በተከተፈው አትክልት ላይ፣ ሥጋ በነካ እጅና ቢላዋ፣ በዋናነት ደግሞ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር መመሪያ ግልጽ ነው፦ መቀዝቀዝ ያለበት ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ90 ፋራናይት፣ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። በጁላይ በዲሲ አካባቢ 90 ፋራናይት የዘወትር ነገር ነው።

ስለዚህ ሰላጣውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ በረዶ በሞላበት ኩለር ውስጥ ያዙ፤ ኩለሩም ጥላ ሥር ይቀመጥ። ጥሬ ሥጋ ባለበት ኩለር ውስጥ አታስገቡት፤ ለሥጋው ሌላ ይኑራችሁ። ሁሉንም በአንዴ አታቅርቡ፤ ግማሹን አውጡ፣ ሲያልቅ የቀረውን ጨምሩ። ሰላጣው የራሱ ማንኪያ ይኑረው፤ ሥጋ በያዘ መቆንጠጫ የሚያነሳ ሰው ካለ ደግሞ ሳታፍሩ ተናገሩት። ኩለር ውስጥ ቀዝቅዞ የቆየው ትራፊ ወደ ቤት ይመለስና በማግሥቱ ይበላል፤ ጠረጴዛው ላይ ሙቀት ሲያገኘው የዋለውን ግን፣ ሳህን ሙሉ ቢሆንም፣ ድፉት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ይገባል፤ እየጎላ ይሄዳል)